መስኮት ክፈቱላት

ጋሽ ወልደሰማያት በሠላሳ አንድ ዓመት የሾፌርነት ዘመናቸው አንድ ቀን እንኳ መኪና አሞኝ አያውቅም ይላሉ። ጅማ ውስጥ ይህን ያልሰማ ሰው ካለ፣ ገና ያላገኙት ሰው ነው። የጊቤን ቁልቁለት በኤንትሬ አውቶቡስ ሲወርዱ አንድ እጃቸው መሪ፣ ሌላው እጃቸው ቦንቦሊኖ ይይዝ እንደነበር፣ ከኋላቸው ተሳፋሪው ሁሉ ሲያስመልስ እሳቸው እየጎረሱ ይነዱ እንደነበር ሳይነግሩ አይለቁም። ጡረታ ከወጡ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ ጉራቸው ግን ጡረታ አልወጣም።

ስለዚህ የልጃቸው ልጅ ሔራን "አባባ፣ ለጥናቴ ከስልሳ ዓመት በላይ የሆነ ሰው አጣሁ፤ እርስዎ ይሁኑልኝ" ስትላቸው ዓይናቸውን አላሹም። ሔራን ጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት። የምታጠናው ቪአር ስለሚሉት፣ ጭንቅላት ላይ ታስሮ ዓይንን ግጥም አድርጎ ስለሚሸፍን መነጽር ነው። ያንን ያጠለቀ ሰው ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ሌላ ቦታ ያለ ይመስለዋል፤ ብዙውን ሰው ታዲያ ያጥወለውለዋል። ለምን እንደሚያጥወለውል፣ ማንን ይበልጥ እንደሚያጥወለውል ነው ጥናቷ። ከክፍል ጓደኛዋ ከፋሂም ጋር ሆነው ፒክአፕ ጣሪያ ላይ ካሜራ አስረው ከጅማ እስከ አሰንዳቦ ያለውን መንገድ ዙሪያ ገባውን ቀርጸውታል።

"መኪና ያልጣለኝን ሰውዬ መነጽር ሊጥለኝ?" አሉ ጋሽ ወልደሰማያት እየሳቁ። ከሳቁ ሰንብተው ነበር። ሚስታቸው ብርሃንነሽ ከሞተች ዓመት ሊሞላት ሁለት ሳምንት ቀርቶታል።

ላብራቶሪው ውስጥ የፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። ፋሂም መነጽሩን ከኋላ አጠበቀላቸው፤ ሔራን ደብተሯን ይዛ ፊት ለፊታቸው ቆመች።

"በየደቂቃው እጠይቅዎታለሁ። ምንም ካልተሰማዎት ዜሮ ይበሉኝ። ሊያስመልስዎት ከደረሰ አስር። እውነቱን ነው የምፈልገው፣ አባባ።"

ወዲያው የመናኸሪያው መውጫ ፊታቸው ተደቀነ። "አይ!" አሉ ጋሽ ወልደሰማያት። ዘጠኝ ዓመት ያልነዱት መንገድ ነው። ወደ ግራ ሲዞሩ ባሕር ዛፉ፣ ወደ ቀኝ ሲዞሩ የተደረደሩት ባጃጆች፣ ሁሉም በየቦታው አለ። ደስ አላቸው። ለተሳፋሪ የሚናገሩ ይመስል "በሉ እንግዲህ፣ በሰላም ያግባን" ሲሉ ሁለቱ ተማሪዎች ተያይተው ሳቁ።

ደስታው ሁለት ደቂቃ አልቆየም። ኩርባ መጣ። ቀኝ እግራቸው ፍሬን ፈለገ፤ የረገጠው ሲሚንቶ ነው። እጃቸው መሪ ፈለገ፤ ያገኘው ጉልበታቸውን ነው። ፒክአፑን ሲነዳ የነበረው ፋሂም ነው፤ ፋሂም ደግሞ ኩርባውን አርፍዶ ይይዛል፣ ሲይዝም ይመነጭቀዋል። "ያዘው! አሁን ያዘው!" ብለው ጮኹ። ማንም አልያዘላቸውም።

"ስንት ላይ ነዎት፣ አባባ?"

"ዜሮ።"

ግንባራቸውን ላብ አጠመቀው። አፋቸው ምራቅ ሞላ።

"አሁንስ?"

"ዜሮ አልኩሽ እኮ!"

"አባባ፣ ፊትዎ አመድ መስሏል። እናውልቀው።"

"ማን ነው የሚያወልቀው? ሰርቦን ሳላልፍ?"

የመጀመሪያዋ ከተማ ሰርቦ ገና ሩቅ ነበረች። በሰባተኛው ደቂቃ መነጽሩን ራሳቸው መንጭቀው አወለቁትና ለዚህ ቀን ብለው የለበሱት ኮት ላይ፣ አልፈውም ፋሂም ጫማ ላይ አስመለሱ። ልጁ "ያ ረቢ! አይዞዎት አባባ፣ አይዞዎት" እያለ ደገፋቸው። ቆይቶም ሔራንን "ስንት ብለን እንጻፈው?" ብሎ በሹክሹክታ ሲጠይቃት ሰሙት።

ውጭ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ሔራን ውሃ አመጣችላቸው። መሬቱ ገና አልረጋላቸውም ነበር።

"ምንድን ነው ሰውን እንዲህ የሚያደርገው?" አሉ።

"ዓይን 'እየሄድን ነው' ይላል፤ የውስጥ ጆሮ ደግሞ 'ኧረ ተቀምጠናል' ይላል። ሰውነት የቱን ይመን? ግራ ሲገባው መርዝ የበላ ይመስለውና ያለውን ሁሉ ያወጣል።"

"መኪና ላይ ለምን አላመመኝም ታዲያ?"

"መሪው በእጅዎ ነበራ! ሾፌር ኩርባው ሳይመጣ ያውቀዋል፤ ሰውነቱ ቀድሞ ይዘጋጃል። የሚጎዳው የተሳፈረው ነው። መስኮት ተዘግቶበት የፊት ወንበሩን ጀርባ ብቻ የሚያይ ሰው፣ ዓይኑ ተቀምጠናል ሲል ጆሮው እየሄድን ነው ይላል። የእርስዎ ግልባጩ ነው፤ ሕመሙ ግን ያው ነው።" ከዚያ ጨመረች፤ "እቴቴ ብርሃንነሽን የሚያማት ይኸው ነበር።"

ጋሽ ወልደሰማያት የውሃውን ጠርሙስ መሬት አስቀመጡ።

"ሁለት ሰዓት ሙሉ ቢሆንስ?"

"ይኸ?"

"ይኸ።"

"ማንም አይችለውም፣ አባባ። ሰው የሚሞት ነው የሚመስለው።"

"ቅብጠት አይደለም?"

"ምኑ ነው ቅብጠቱ?"

ኮታቸውን አውልቀው፣ አጥፈው፣ ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። እሷም የደከማቸው መስሏት አልጨቀጨቀቻቸውም።

ስለ ሙት ዓመቱ ቤት ውስጥ አንድ ያልበረደ ክርክር ነበር። ብርሃንነሽ ሸዋረገጥ የምትባል እህት አለቻት፤ ወልቂጤ ነው የምትኖረው። ሸዋረገጥ ለእህቷ ቀብር አልመጣችም። ሲደወልላት "እሷስ የእናቷን መቼ ቀበረች?" ብላ ስልኩን ዘጋች። ሔራን ለሙት ዓመቱ እንድትጠራ ትለምናለች፤ ጋሽ ወልደሰማያት "ለእህቷ ቀብር ያልመጣች ሴት በሬን አትረግጥም" ይላሉ። ቤተሰቡ የሚያውቀው ብርሃንነሽ ከሃያ ሰባት ዓመት በፊት መኪና ያመኛል ብላ ከእናቷ ቀብር መቅረቷን፣ እህትየዋም በዚያው ተቀይማ መቅረቷን ነው። ከቤተሰቡ እውነቱን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንዷ ሞታለች።

ብርሃንነሽ አልቀረችም። ኅዳር ላይ ነው፤ እናቷ ማረፋቸው ማታ ተነገራት፤ ቀብሩ በማግሥቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው ተባለ። ንጋት ላይ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ሎሚ በእጇ ይዛ፣ ባሏ በሚነዳው አውቶቡስ ከሾፌሩ ጀርባ ተቀመጠች። ገና በሙሽርነቷ ጀምሮ መኪና አይስማማትም ነበር። የሾፌር ሚስት መኪና ሲያማት ደግሞ ለጋሽ ወልደሰማያት የሙያ ውርደት ነው፤ "ልብሽን አጥብቂ፤ ቅብጠት ነው" ሲሏት ነው የኖሩት።

የጠዋት ብርድ ስለነበር ተሳፋሪው መስኮቱን ሁሉ ጥርቅም አድርጎ ዘግቷል። መቼም የአገራችን ሰው መኪና ላይ ሲሆን ከገደል ይልቅ ነፋስ ይፈራል። ሰርቦ ሳይደርሱ ብርሃንነሽ "መስኮት ክፈቱልኝ" አለች። አጠገቧ የተቀመጠው ጋቢ የለበሰ ነጋዴ "ጎኔን ሊወጋኝ ነው፣ እመቤት" ብሎ አልከፈተም። ጋሽ ወልደሰማያት በመስታወት አይተዋል። "መስኮት ክፈቱላት" ቢሉ ይከፈት ነበር፤ አውቶቡስ ላይ ሾፌር ንጉሥ ነው። ሁለት ቃል ነበረች። ሚስቱን ያቀማጥላል እንዳይባሉ ብለው ሳይናገሯት ቀሩ።

ሁለት ጊዜ አቆሙላት። ሦስተኛው ላይ፣ ለማቆም ሳይደርሱ፣ የአንዲት ሴት ነጭ ነጠላ ላይ አስመለሰች። ሴትዮዋ ጮኸች። ከኋላ አንዱ "የገዛ ሚስቱን መኪና ያላስለመደ ሾፌር እኛን ወልቂጤ ሊያደርስ!" ሲል አውቶቡሱ በሳቅ ፈነዳ። ጋሽ ወልደሰማያት ጆሯቸው ድረስ ቀሉ። አሰንዳቦ ሲደርሱ ወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት አቆሙ፤ ወረዱና ክንዷን ይዘው አወረዷት። "ወደ ጅማ የሚመለስ መኪና ያዢና ግቢ" አሏት። እሷም የሆነ ነገር አለቻቸው፤ ምን እንዳለች ግን አያስታውሱም፤ ወይም ላለማስታወስ ብዙ ታግለው ተሳክቶላቸዋል። ሞተሩ አልጠፋም ነበር።

ወልቂጤ ለቅሶ ቤት ሲደርሱ ሸዋረገጥና ወንድሞቿ "እሷስ?" አሉ። እናቷ የሞተችባትን ሴት መንገድ ላይ ጥያት መጣሁ ማለት አልሆነላቸውም። የወንድሞቿን ፊት ፈሩ። "መኪና ያመኛል ብላ ቀረች። አትጠብቋት" አሉ። አስከሬኑ ወጣ።

በሦስተኛው ቀን ጅማ ሲመለሱ ብርሃንነሽ ቤት ነበረች። እንዴት እንደገባች አልጠየቋትም። እህቷ ስትቀየማትም "ባሌ ነው ያወረደኝ" የሚል ቃል ከአፏ አልወጣም። የባሏን ስም ሸፍና የእህቷን ጥላቻ እሷ ተሸከመች። ከዚያ ወዲያ ባጃጅ ካልሆነ በቀር መኪና ላይ አልወጣችም። የልጇ ሠርግ አዲስ አበባ ሲሆን ቀረች፤ የሔራን ክርስትናም እዚያው ሲሆን ቀረች። ጋሽ ወልደሰማያት ብቻቸውን ይሄዱና "ሚስቴ ከጅማ ወዲያ አገር ያለ አይመስላትም" እያሉ ሠርገኛውን ያስቁ ነበር። ስለዚያ ቀን ሲያስቡም "ብትሳፈርም አትደርስም ነበር፤ ያው ቀረች ማለት ነው" ይላሉ ለራሳቸው። ውሸት የተናገሩ አልመሰላቸውም፤ ሰባት ደቂቃ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠው እስኪያዩት ድረስ።

ብርሃንነሽ በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ነገር ብቻ ነበር የምታዛቸው። በየዓመቱ ኅዳር ሲገባ ስኳርና ሳሙና፣ አንድ ሻርፕም ትጠቀልልና "አሰንዳቦ፣ ወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ለኡሙልኸይር ስጥልኝ" ትላቸዋለች። አንድ ጊዜ "ማን ናት?" ብለዋት ነበር። "ወዳጄ ናት" አለች። ጥቅሉን ለረዳታቸው ይሰጣሉ፤ ረዳቱ በመስኮት ያቀብላል። እሳቸው ወርደው አያውቁም። ጡረታ ሲወጡ ደግሞ በሌላ ሾፌር ትልከው ጀመር።

በማግሥቱ ጠዋት ጋሽ ወልደሰማያት ለባብሰው ወጡ።

"ሸዋረገጥን ራሴ ልጠራት ነው" አሏት ሔራንን።

ሔራን ደስታዋን መደበቅ አቃታት። "ይደውሉላታ፣ አባባ! ትናንት እንደዚያ ሆነው ዛሬ መንገድ?"

"የሚደወል ነገር አይደለም" አሉ።

ሚኒባሱ ላይ የደረሳቸው የኋላው ወንበር መሃል ነው። ሌላ ሰው ሲነዳ ከኋላ የተቀመጡበት ቀን በጣት የሚቆጠር ነበር። ትናንት የተናወጠው ሆዳቸው ገና አልተረጋጋም። ሰርቦን ሲያልፉ ያ ምራቅ ተመልሶ መጣ፤ ላቡም ተከተለው።

"ልጄ፣ እባክሽ መስኮቱን ትንሽ ክፈቺልኝ" አሏት በጎናቸው ያለችውን ወጣት።

"ውይ አባባ፣ ሕፃን ታቅፌያለሁ። ብርድ ይመታብኛል።"

"ትንሽ ብቻ።"

"ዝጉት ባካችሁ!" አለ ከፊት ያለ ሰው፣ መስኮቱ ሳይከፈት። ረዳቱ ዞሮ "ፋዘር፣ ትንሽ ቻል ያድርጉት፤ አሰንዳቦ ደርሰናል" አላቸው። ጋሽ ወልደሰማያት የፊታቸውን ወንበር ጀርባ በሁለት እጃቸው ጨምድደው ያዙት። መሪ አልነበረም። ኩርባው ሲመጣ አያዩትም፤ ሆዳቸው ነው የሚነግራቸው። ብርሃንነሽ ደግሞ ከዚህ በባሰ መንገድ፣ ከዚህ በባሰ መኪና፣ እናቷ ሞታባት።

"ወራጅ አለ" አሉ አሰንዳቦ ላይ። ድምፃቸው ለራሳቸውም አልተሰማቸውም፤ ደግመው ጮኹ።

ወፍጮ ቤቱ ዛሬ በብሎኬት ተሠርቷል፤ ድምፁ ግን ያው ነው። ቦዩ ዳር አስመለሱ። ቀና ሲሉ ሚኒባሱ ሄዷል። ብርቱካንና ሎሚ ጠረጴዛ ላይ ደርድራ የምትሸጥ፣ ሃምሳዎቹን ያጋመሰች ሴት በጆግ ውሃ ይዛ እየሮጠች መጣች። "ኮቱ፣ ኮቱ" አለች በኦሮምኛ፤ "ወዲህ ጥላው ጋ ይምጡ" እያለች ክንዳቸውን ይዛ ድንጋይ ላይ አስቀመጠቻቸው። ፊታቸውን ሲታጠቡ ትኩር ብላ አየቻቸው።

"የብርሃንነሽ ባል አይደሉም? የአውቶቡሱ?"

"ነኝ። አንቺስ?"

"ኡሙልኸይር ነኛ! እኔ እኮ ዕቃውን ስቀበል በመስታወት ነበር የማይዎት።" ፈገግ አለች። "ዘንድሮ ምነው ዝም አለችኝ? ኅዳር አለፈ እኮ። ደህና ናት?"

ጋሽ ወልደሰማያት እጃቸው ላይ የቀረውን ውሃ አራገፉ።

"አምና ጥር ላይ ዐረፈች" አሉ።

"ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።" ኡሙልኸይር ጆጉን መሬት አስቀመጠችና ሻርፗን ፊቷ ላይ ስባ እዚያው አስፋልቱ ዳር አለቀሰች። ሻርፑ ብርሃንነሽ ከምትጠቀልላቸው አንዱ ነበር። "ሳልሰማ! ዓመት ሙሉ! ሰው እንኳ አይልኩብኝም?"

"ማን እንደሆንሽ አላውቅም ነበር።"

"አልነገረችዎትም?"

"አልጠየቅኋትም።"

ኡሙልኸይር እንባዋን ጠርጋ፣ ክንዳቸውን ይዛ አጠገባቸው ተቀመጠች። ስትነግራቸው ወደ እሳቸው አላየችም፤ መንገዱን ነበር የምታየው።

"ያኔ ገና ማግባቴ ነው። ቤቴ ከወፍጮው ጀርባ ነው። አንዲት ሴት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ላለፈው መኪና ሁሉ እጇን ታወጣለች። ሁሉም ሙሉ ነው፤ ማን ይቁምላት? ስቀርብ ልብሷ ሁሉ ተበላሽቷል። አጠብኳት። እናቴ ሞታብኝ ነው አለች። እናቷ የሞተችባት ሰው እንዴት ብቻዋን መንገድ ላይ ትቆማለች? የሰፈሩን ሴቶች ጠራሁ፤ ምንጣፍ አነጠፍንላት፣ አብረን ተቀመጥን። እናቷን አንዳችንም አናውቃት፤ ግን አለቀስን። ሴቶቹ ሾፌሩን መርገም ጀመሩ። በለቅሶዋ ቀን ሴት ልጅ መንገድ ላይ የሚጥል ምን ዓይነት ሰው ነው ብለው። እሷ ግን 'ማሎ፣ እባካችሁ አትርገሙት' አለች። 'መንገድ ላይ ነው ያለው፤ አትርገሙት።' ባሌ ነው ብላ የነገረችኝ በማግሥቱ ነው፤ ለእኔ ብቻ። ሁለት ሌሊት እኔ ዘንድ አደረች። በሦስተኛው ቀን ቡና የጫነ አይሱዙ ላይ፣ ከጆንያው በላይ፣ ነፋሱ ላይ ተቀምጣ ጅማ ተመለሰች። አየር ካገኘሁ አያመኝም አለች።"

"ያን ዕለት ጭራሽ መኪና አላገኘችም?"

"ከየት ይምጣ? ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፣ አሥር ሆነ። በቃ ተቀብረዋል፣ ግቢና ጋደም በይ አልናት። እምቢ አለች። 'አይቀብሯትም' አለች። 'በሚቀጥለው መኪና እደርሳለሁ፣ ይጠብቁኝ በልልኝ ብዬዋለሁ። እሺ ብሎኛል።' ጀንበር ጠልቃ መግሪብ እስኪደርስ እዚሁ ቆማ፣ እሺ ብሎኛል፣ እሺ ብሎኛል ትለን ነበር።"

ያኔ ትዝ አላቸው። አንድ እግራቸው መወጣጫው ላይ ነበር። "ይጠብቁኝ በልልኝ" አለቻቸው፣ በዚያ በደከመ ድምፅ። እሳቸውም ወደ ኋላ ሳይዞሩ "እሺ" ብለው ነበር።

"አትጠብቋት ያልኳቸው እኔ ነኝ" አሉ ጋሽ ወልደሰማያት። ይህን ጮክ ብለው ሲናገሩት የመጀመሪያቸው ነው። "ሲጠይቁኝ ቀረች አልኳቸው። እህቷ እስከ ዛሬ ድረስ…" አልጨረሱትም። ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው አለቀሱ። የብርሃንነሽ ቀብር ላይ እንኳ እንዲህ አላለቀሱም፤ ያን ቀን ሰው ያያቸው ነበር።

ኡሙልኸይር እጇን ከክንዳቸው ላይ አነሣች። አይዞዎት አላለቻቸውም።

"አሁን ወዴት ነው?" አለች በመጨረሻ።

"ወልቂጤ። እህቷ ዘንድ።"

"ይኸንን ሊነግሯት?"

"አዎ።"

"እንደነገሩኝ ይንገሯት። እሺ እንዳሏትም ጭምር።"

ሚኒባስ መጣ። ረዳቱ በበሩ ግማሽ አካሉን አውጥቶ "ወልቂጤ! ወልቂጤ አንድ ሰው!" ይላል። መስኮቶቹ ሁሉ ዝግ ናቸው። ጋሽ ወልደሰማያት ተነሡ። ኡሙልኸይር ወደ ጠረጴዛዋ ሄዳ አንድ ሎሚ ለሁለት ቆረጠችና ግማሹን በእጃቸው አስያዘቻቸው።

"እያሸተቱ ይሂዱ" አለቻቸው። "መስኮት አይከፍቱልዎትም።"